ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ፦ ይቅርታ ደረጃ በደረጃ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ነው። በአንድ እጄ ጠበል የሞላሁበት ሃይላንድ፣ በሌላው የሚንሸራተት ነጠላዬን ይዣለሁ። የብሎካችን ደረጃ ላይ ስደርስ የሁለተኛ ፎቁ ጋሼ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ደረጃው ጠባብ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ከያዘ ሰው ጎን ማለፍ አይቻልም። ጋሼ መሃል ላይ ጀሪካኑን አስቀምጠው ተነፈሱ። እኔ የተላጠውን የግድግዳ ቀለም እያየሁ ጠበቅኩ። "እንደምን አደሩ" ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃ ነበር። አላልኩም። እሳቸውም አላሉም። ስምንት ወር ሆኖናል።

ቤት ገብቼ ሥዕለ ማርያሟ ፊት ቆምኩና "አባታችን ሆይ" ጀመርኩ። "በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለዋ ጋ ስደርስ ፈጠን አልኩ። ዱቤ ያለበት ሰው በሱቁ በር ሲያልፍ እንደሚፈጥነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ መሆኑ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት፣ አዲስ አበባ የሚያልቅበት። እዚህ ዳር ያለን ሰዎች አብዛኛዎቻችን ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። ግማሹ ዕጣ ደርሶት፣ ግማሹ ተከራይቶ፣ ግማሹ ከመሃል ከተማ ሰፈሩ ተነስቶ። (ሦስት ግማሽ መሆኑን አውቃለሁ። ብሎካችንን ያየ ይገባዋል።) ውሃ በፈረቃ ነው፤ በብዛት የሚመጣው ሌሊት ነው። ታች ያለው ሰው ከከፈተ ላይ አይደርስም። የጠባችን ሰበብም ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ጋሼ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር ዘግተው በርሜላቸውን ሲሞሉ ደረስኩባቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ ጠብቄ ነበር። ተጯጯህን። በነጋታው ኮሪደር ላይ ደግሞ ቀጠልን።

እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ የሄድኩበትን መንገድ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ንስሐ አባት ስል እናንተ ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ካህናችሁን ወይም መጋቢያችሁን አድርጉት። ወንጌሉ አንድ ነው። ጎረቤት የሚለውንም እንደ ሁኔታችሁ በወንድም፣ በአማት ወይም በሥራ ባልደረባ ቀይሩት።

1. ይቅርታንና ዕርቅን ለዩ

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ይቅርታ ለብቻ ይደረጋል። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የበደላችሁ ሰው ሞቶ፣ አገር ቀይሮ ወይም ጭራሽ ጥፋቱን ሳያምን ይቅር ልትሉት ትችላላችሁ። ልትታረቁት ግን አትችሉም።

ቋንቋችን ራሱ ነገሩን ይነግረናል። "ይቅር" ማለት "መቅረት" ከሚለው ነው፤ ይቅር፣ እዚያው ይቅር፣ ከእኔ ጋር አይምጣ። "አልተፈጸመም" ማለት አይደለም። "አላመመኝም" ማለትም አይደለም። አንድ ነገር እንዲቀር መጀመሪያ መኖሩን ማመን አለብን። ስለዚህ "ኧረ ምንም አይደለም" የምትለዋ የተለመደች መልሳችን፣ ጨዋ ብትመስልም፣ ይቅርታ አይደለችም። ማሸሽ ናት።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሮሜ 12፥18 ላይ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል "ቢቻላችሁ፣ በእናንተ በኩል" የሚል ልክ አበጅቶለታል። በእናንተ በኩል ያለው ይቅርታው ነው። ሌላው በሌላ ሰው እጅ ነው።

2. ቂሙን ወረቀት ላይ አውርዱት

ስልክ ላይ አይደለም። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ፎርዋርድ ይደረጋል፤ በንዴት ሰዓት ደግሞ ጣታችን አይታመንም። ከልጆቹ ደብተር አንድ ገጽ ቅደዱ። ለሦስት ረድፍ ክፈሉት። አንደኛው ላይ እሱ ያደረገው፣ ሁለተኛው ላይ እኔ ያደረግኩት፣ ሦስተኛው ላይ የማላውቀው።

የመጀመሪያው ቶሎ ይሞላል። እኔ ለአንዲት የውሃ መስመር ረድፉን ሙሉ ጻፍኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበርሜሉን ቀለም ሳይቀር። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ የተደረገውን ብቻ ጻፉ። "መስመር ዘጉ" ይጻፋል። "ንቀውኝ ነው" አይጻፍም፣ እሱን አላየሁትማ።

ሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ። ለካ ያን ጠዋት ኮሪደር ላይ፣ የልጅ ልጃቸው ቦርሳውን አዝሎ ቆሞ እየሰማ፣ "ድሮም ከቀበሌ ቤት የመጣ ሰው ኮንዶሚኒየም መኖር አይችልበትም" ብያለሁ። ጮክ ብዬ። እኔ ራሴ ያደግኩት የቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ የሆነ የቀበሌ ቤት። ስምንት ወር ሙሉ ይቺን ዓረፍተ ነገር ለማንም አልተናገርኳትም። ታሪኩን ስናወራ እኛ የምንቆርጣት ቦታ ሁልጊዜ አለች። እሷን ፈልጉ።

ሦስተኛውን ባዶ ተውኩት። የማላውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ፤ ለእናታችሁም ቢሆን። እናት ታግዛለች፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ አጋዥ ያበላሻል።

3. በስም ጸልዩ

"ለጠላቶቼ ሁሉ" ብሎ መጸለይ ቀላል ነው። ጠላቶቼ ሁሉ የሚባል ሰው ጀሪካን ይዞ ደረጃ ላይ አያጋጥምም። በስም ጥሩት። የክርስትና ስሙን ካወቃችሁ በሱ፣ ካላወቃችሁ በሚጠራበት።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ ሲጀምር እነሳለሁ፤ እዚህ ሰፈር ሰዓት መሙላት አያስፈልግም። መዝሙር 50ን አነባለሁ። (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 51 ነው፤ "አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" የሚለው።) ከእሱ የምጀምረው የእኔን ኃጢአት ስለሚያስቀድም ነው። ከዚያ አባታችን ሆይ፣ በቀስታ። "የበደሉንን" ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ስማቸውን እጠራለሁ። ከዚያ እቀጥላለሁ። በቃ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጌታ ይህን ጸሎት አስተምሮ እንደጨረሰ ተመልሶ ያብራራው አንድ ሐረግ ብቻ ነው። ማቴዎስ 6፥14-15ን እዩት። ስለ እንጀራው አላብራራም፣ ስለ ፈተናውም አላብራራም። ስለ ይቅርታው ግን ወዲያው ደገመው።

ምን ልጸልይላቸው? እዚህ ጋ ራሳችሁን ታዘቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ጸሎቴ "ልብ ስጣቸው" የሚል ነበር። ይሄ ጸሎት ሳይሆን ስድብ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ስድብ። "ፍረድልኝ" ይባስ። "እውነቱን ካወጣህልኝ ጥላ አስገባለሁ" ብሎ የሚሳልም አለ፤ አምላክን በጎረቤቱ ላይ ጠበቃ ሲቀጥር ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጸሎቱን ቀየርኩት። ለራሴ የምለምነውን ለእሳቸው ለመንኩ። ጤና። ልጆቻቸውን። ውሃ። አዎ፣ ውሃ። አፌ ላይ ሲመጣ ሳቅኩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ስሜት አትጠብቁ። ቀናት ያልፋሉ፣ ሆዳችሁ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ይሁን። ጸሎቱ ደረቅ መሆኑ ውሸት አያደርገውም።

4. ንስሐ አባት ጋ ሂዱ

እዚህ ዳር ያለን ሰዎች ችግር፣ ንስሐ አባታችን ድሮ ሰፈር ቀርተዋል። መርካቶ ወይም ጉለሌ። ሁለት ታክሲ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ለጥምቀት መልካም ምኞት ይባላል፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ይቀራል። ወይ ሄዳችሁ አግኟቸው፣ ወይ ነግራችኋቸው ተሰናብታችሁ እዚሁ ባለው ደብር ሌላ አባት ያዙ። ሁለቱም ይቻላል። ሳይነግሩ መጥፋት ነው ደግ ያልሆነው።

ስትሄዱ ሁለተኛውን ረድፍ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው። እኔ አባ ፊት ተንበርክኬ የጀመርኩት "ጎረቤቴ ውሃ ይዘጋሉ" ብዬ ነው። አባ ትንሽ ሰምተው "የእሳቸውን ንስሐ እሳቸው ይግቡ፤ የአንቺን ንገሪኝ" አሉኝ። ብዙዎቻችን የሰው ኃጢአት ነው የምንናዘዘው።

ቀኖና ይሰጣችኋል። ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት፣ እንደ አባትየው። የእኔ ስግደት ነበረበት። ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝና መስቀሉን አሳለሙኝ። ስነሳ ግን "ቀኖናው እንዳለ ሆኖ ሰውየውን ሳታናግሪ አትቁረቢ" የሚል ነገር ጨመሩ። ይሄኛው ከስግደቱ ከበደኝ። በየዓመቱ ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን በወይራ ቅጠል ተጠብጥበን እንመለሳለን፤ ጉልበት አያንሰንም። አንድ በር ማንኳኳት ነው የሚያቅተን።

5. በሩን አንኳኩ

ማን ይሂድ? የሁሉም ሰው ጥያቄ ይሄ ነው። "እሱ ነው የበደለኝ፣ እሱ ይምጣ።" ሁለት ጥቅስ ጎን ለጎን እዩ። ማቴዎስ 5፥23-24 ወንድምህ በአንተ ላይ የያዘብህ ነገር ካለ መባህን መሠዊያው ፊት ተወውና ሄደህ ታረቅ ይላል። በዳይ ሆይ ሂድ ማለት ነው። ማቴዎስ 18፥15 ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻህን ንገረው ይላል። ተበዳይም ሂድ። ሁለቱም ቢታዘዙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ጊዜ ምረጡ። ውሃ የሚመጣበት ሌሊት አይሆንም። እሑድ ከቅዳሴ መልስም አይመቸኝም፤ ሰው ያያል፣ እኛም መታየት እንወዳለን። መብራት በጠፋበትና ሁሉም በተናደደበት ሰዓትም ይቅር። በቴሌግራም አይሆንም። ድምፅ መልእክት ልካችሁ "አሳውቄዋለሁ" ማለት አይቆጠርም። ቀጠሮ ሳትይዙ፣ አጃቢ ሳትይዙ፣ ስጦታም ሳትይዙ ሂዱ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መሄድ ደግ ይመስላል፤ ሰውየውን ግን እምቢ እንዳይል ማሰር ነው።

የምትሉትን ቀድማችሁ ተለማመዱት፤ አጭር ይሁን። "አስቀይሜህ ከሆነ" አትበሉ። ያቺ "ከሆነ" ይቅርታውን ወደ ሰውየው ስሜት ትገፋዋለች። "ተናድጄ ስለነበር" አትበሉ፤ ማብራሪያ ነው። "ሁለታችንም አጥፍተናል" አትበሉ፤ የእሱን ድርሻ እሱ ይበል። ያደረጋችሁትን በስሙ ጠርታችሁ "ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ" ካላችሁ አለቀ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። አትሙሉት።

እኔ የሄድኩት ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ሩፋኤል። ቀኑን የመረጥኩት አዲስ ዓመት እንዳይገባብኝ ብዬ ነው፤ ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ይባላልና የብሎኩ ልጆች በሙሉ ግቢው ውስጥ በቁምጣ ይዘላሉ። ሰው ሁሉ አሸንዳው ሥር ሳፋ ደርድሯል። የእኔም ሰማያዊ ሳፋ እዚያ አለ፤ ከጎኑ የጋሼ። ጋሼ ኮሪደራቸው ላይ ቆመው የልጅ ልጃቸውን ያያሉ። ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሠላሳ ስድስት ደረጃ ነው። ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ቆጠርኩት።

"ጋሼ፣ አንዴ ላናግርዎ?"

"ተናገሪ" አሉ። አልዞሩም።

"ያን ቀን ልጁ ፊት 'የቀበሌ ቤት ሰው' ብዬ የተናገርኩት ጥፋት ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስለ ውሃው ማንሳት አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ።

"ውሃውንማ" አሉ በመጨረሻ፣ "ዘግቼ ነበር፤ እሱን ረስቼዋለሁ። እህቴ ስትሞት ግን ሦስት ቀን እዚህ ታች ድንኳን ተጥሎ፣ አንቺ በድንኳኑ ሥር አልፈሽ ሥራ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን እንኳ 'እግዜር ያጥናችሁ' አላልሽም።"

"አላወቅኩም" ልል ነበር። አውቄያለሁ። ድንኳኑን አይቻለሁ። ገና አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ ዕድር አልገባሁም፣ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው ብዬ አልፌያለሁ። ይሄ ከውሃው ጠብ ሦስት ወር በፊት ነው። እኔ ስምንት ወር ቂም ያዝኩ ስል እሳቸው አሥራ አንደኛ ወራቸው ላይ ነበሩ። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ የቀረው ለዚህ ነበር።

"እሱንም ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። "እኔንም ይቅር በይኝ። ነይ ግቢ፣ ዝናብ ላይ አትቁሚ።"

የተማርኩት ነገር ይሄ ነው፤ የእናንተ ቂምና የእሱ ቂም አንድ ታሪክ ላይሆን ይችላል። እናንተ ስለ ውሃ ስትጸልዩ እሱ ስለ ለቅሶ ያለቅሳል። ስለዚህ የራሳችሁን ተናግራችሁ ስትጨርሱ "ሌላ ያስቀየምኩህ ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለመስማት ግን ሆድ ይኑራችሁ።

6. እምቢ ካለ

ይላል። በር ሊዘጋ ይችላል። ማቴዎስ 18፥16 አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል፤ እኛ ደግሞ ሽማግሌ የሚባል ነገር ከማንም አልተበደርንም። ሦስት ሰው ይበቃል። አንዱ እሱ የሚሰማው፣ አንዱ እናንተ የምትሰሙት፣ አንዱ ማንንም የማይፈራ። የዕድሩ ዳኛ ጥሩ ነው፣ ሰፈሩን ያውቃል። የብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢን አልመክርም፤ የመዋጮ ጉዳይ ስላለበት። በአካባቢያችን የኖሩ የኦሮሞ አባቶች፣ ጃርሳ ቢያ የሚሏቸው፣ ጉዳዩ ከበድ ካለ ከእኛ ይልቅ ትዕግሥቱም ልምዱም አላቸው።

ሽማግሌ ስትልኩ ፍርድ አታስይዟቸው። "ጥፋቱ የሱ መሆኑን ንገሩልኝ" የተባለ ሽማግሌ መልእክተኛ ነው። ድሮ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ድንጋዩ ቀርቶ ቡና ሆኗል። ቢሆንም በሽማግሌ ፊት አንገት መድፋቱ አልቀረም።

ሁለት ጊዜ ተልኮ እምቢ ካለ ተዉት። ጸሎቱን ብቻ ቀጥሉ። ደረጃ ላይ ስታገኙት ሰላም በሉ፤ ባይመልስም።

7. ገንዘብ ካለበት

ዘኬዎስ "ይቅርታ" ብሎ አልተቀመጠም። ሉቃስ 19፥8 ላይ የበደልኩት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የወሰዳችሁትን መልሱ፤ ባትችሉ እንኳ በየወሩ የምትከፍሉትን ጻፉ።

አበዳሪ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ቂሙን መተው ብሩን መተው ማለት አይደለም። ሁለቱን ለዩና በግልጽ ተናገሩ። "ቂም የለኝም፣ ብሬን ግን እፈልጋለሁ" ማለት ክርስትና አይከለክልም። ብሩን ለመተው ከወሰናችሁም "ትቼዋለሁ" በሉና ሁለተኛ አታንሱት። በየሠርጉና በየለቅሶው የሚነሳ "የተተወ" ብድር ወለዱ ከባንክ ይብሳል።

ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ባሪያ አስታውሱ። አሥር ሺህ መክሊት ተትቶለት መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ስብከት ላይ መቶ ዲናሩን "ሳንቲም" ሲሉት እሰማለሁ፤ አይደለም። ማቴዎስ 20፥2 ላይ እንደሚታየው 1 ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። ስለዚህ 100 ዲናር የ100 ቀን ደመወዝ ነው። እዚህ ሰፈር ሲሚንቶ የሚሸከም ልጅ የሦስት ወር ተኩል ገቢ! ያማል። ጌታ የተበደላችሁት ትንሽ ነው አላለም። አንድ መክሊት በተለምዶ 6,000 ዲናር ነው ቢባል፣ ለባሪያው የተተወለት የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። ሕመማችሁን አታሳንሱ፤ ከዚያኛው አጠገብ ብቻ አስቀምጡት።

8. ይቅር ብሎ አለመመለስም አለ

ይህን ክፍል በተለይ ለእህቶቼ ነው የምጽፈው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ቻይው፣ ይቅር በይው፣ ቤትሽ ግቢ" የሚሉ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። ከፊሎቹ ጥቅስ ይጠቅሳሉ።

ዳዊትን እዩ። ሳኦል ሊገድለው አሳደደው። ሳኦል ሁለት ጊዜ እጁ ላይ ወድቆ ዳዊት አልነካውም፤ በ1ኛ ሳሙኤል 24 እና 26። ሳኦልም በመጀመሪያው አለቀሰ፤ በሁለተኛው "ልጄ ዳዊት፣ ተመለስ" አለው። ዳዊት ግን ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሰም። 26፥25 ላይ ዳዊት መንገዱን ሄደ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ። ይቅር አለው፤ አብሮት ግን አልኖረም።

ድብደባ ካለ፣ ልጅ የሚነካ ካለ፣ መጀመሪያ ከዚያ ቤት ውጡ። ዘመድ ጋ ይሁን፣ ፖሊስ ጋ ይሁን። ለሕግ መናገር ቂም አይደለም። ይቅርታውን ጊዜ ወስዳችሁ ከሩቅ ትሠሩታላችሁ።

ዮሴፍም ቢሆን ወንድሞቹን ባያቸው ቀን "እኔ ዮሴፍ ነኝ" አላለም። ከዘፍጥረት 42 እስከ 45 ድረስ ፈትኗቸዋል፤ ብንያምንም እንደሱ ይሸጡት እንደሆነ አይቷል። ማልቀሱን ደብቆ አለቀሰ። ማንነቱን የገለጠው ግን መለወጣቸውን ካየ በኋላ ነው።

9. ከታረቁ በኋላ

በነጋታው የዘገየ ለቅሶዬን ደረስኩ። አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ለቀረው ሐዘን "እግዜር ያጥናችሁ" ማለት ያሳፍራል። ሆኖም ቡና ተፈላ፣ የእህታቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ዕድሩንም በመስከረም ገባሁ።

ቂም ግን ተመላሽ ነው። ሆድ ያስታውሳል። የሆነ ሌሊት ቧንቧው ባዶ ሲተነፍስ ያ የድሮው ነገር እንደገና ይነሳል። ጴጥሮስ ሰባት ጊዜ ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለአዲስ አዲስ በደል ብቻ አይመስለኝም። የአንዱን ሌሊት በደል 490 ጊዜ ይቅር ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሲነሳባችሁ አትደንግጡ፣ "ይቅርታዬ ውሸት ነበር" አትበሉ። ስማቸውን ጠርታችሁ አባታችን ሆይን አንዴ ድገሙና ተኙ።

ጋሼ አሁንም አንዳንዴ መስመሩን ይዘጋሉ። ሐሙስ ለሊት ዘግተውት ነበር። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩና አንኳኳሁ። "ውይ፣ ረስቼው!" አሉና ከፈቱት። ረስተውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። አንድ በርሜል ሞላሁ።